ኦቶ ሮህም፤ ኢንዛይምን ወደ ቆዳ ፋብሪካ ያስገባው ኬሚስት

ጀርመናዊው ኬሚስት ዶክተር ኦቶ ሮህም በሙያው ዓለም ስሙ በሁለት ነገሮች ይነሣል። አንደኛው ፕሌክሲግላስ በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው፣ እንደ መስተዋት የጠራው ፕላስቲክ ነው። ሁለተኛው ከዚህ ሩብ ምዕት ዓመት ቀድሞ የተከናወነ ሲሆን፣ ይኸውም ኢንዛይምን በተመጠነና በታወቀ መልክ አዘጋጅቶ ወደ ቆዳ ፋብሪካ ማስገባቱ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በሁለተኛው ላይ ነው። ኢንዛይም የፋብሪካን ፍሳሽ ከበካይ ነገሮች ለማጽዳት ምን ያህል ይረዳል የሚለው ጥያቄ ዛሬ በባልደረቦቻችን መካከል ደጋግሞ ይነሣል። የጥያቄው ሥር ያለው ደግሞ በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባሉት በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። የሞጆ ወንዝ የሞጆን ከተማ አልፎ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል። ቆቃ በአዋሽ ወንዝ ላይ ተሠርቶ በ1960 በተጠናቀቀው ግድብ የተፈጠረ ሐይቅ ነው። ከግድቡ በታች የሚወርደው ውሃ የወንጂን የሸንኮራ አገዳ እርሻ ያጠጣል፤ የአዳማ ነዋሪም የሚጠጣው ከዚሁ ከአዋሽ ተስቦ የተጣራውን ውሃ ነው። በሞጆና በአካባቢዋ የተተከሉት የቆዳ ፋብሪካዎች የሚገኙት እንግዲህ ከዚህ የውሃ መስመር በላይ ነው። በፋብሪካው ውስጥ ቆዳ ወደሚታሽበት ድራም የሚጨመረው እያንዳንዱ ኬሚካል፣ በቆዳው ላይ ካልቀረ ወይም በማጣሪያ ካልተያዘ በስተቀር፣ መጨረሻው ወዴት እንደሚሆን ካርታውን ያየ ሁሉ ይገነዘበዋል።

ልደቱና ትምህርቱ

ኦቶ ሮህም በደቡብ ጀርመን፣ በቩርተምበርግ ግዛት፣ ኦህሪንገን በምትባል ትንሽ ከተማ መጋቢት 14 ቀን 1876 ተወለደ። የሥራ ሕይወቱን የጀመረው በመድኃኒት ቤት ውስጥ በረዳትነት ሲሆን፣ መድኃኒት መመዘንና መቀመም፣ ዕቃን በንጽሕና መያዝ፣ የተጻፈውን መጠን ሳያዛንፉ መሥራት የወጣትነቱ ትምህርት ነበር። ከዚያም በሙኒክና በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲዎች ፋርማሲ አጥንቶ በ1899 የመንግሥቱን ፈተና አለፈ። ይሁን እንጂ በመድኃኒት ቤት ሥራ ብቻ ተወስኖ ለመኖር ስላልፈለገ በዚያው በቱቢንገን ወደ ኬሚስትሪ ትምህርት ተሻገረና በፕሮፌሰር ሃንስ ፎን ፔክማን አመራር ምርምሩን አካሂዶ በ1901 የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ። የመመረቂያ ጥናቱ ያተኮረው አክሪሊክ አሲድ እርስ በርሱ እየተያያዘ በሚያስገኛቸው ውሁዶች ላይ ነበር። ይህ ጥናት ፍሬ ያፈራው ከ30 ዓመት በኋላ በፕሌክሲግላስ ነው።

ሮህም በቱቢንገን በተማረበት ጊዜ በዩኒቨርሲቲው የአንድ ትልቅ ግኝት ወሬ ገና ትኩስ ነበር። ኤድዋርድ ቡክነር እርሾን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ፣ በኃይል ጨምቆ፣ አንድም ሕይወት ያለው ሕዋስ ያልቀረበት ፈሳሽ ካወጣ በኋላ ይህ ፈሳሽ ስኳርን ወደ አልኮል እንደሚለውጥ በ1897 ከቱቢንገን ይፋ አድርጎ ነበር። እስከዚያ ድረስ ታላቁ ፓስተር ያስተማረውን ተከትሎ ብዙው ሳይንቲስት መፍላት ያለ ሕያው ሕዋስ አይሆንም ብሎ ያምን ነበር። የቡክነር ሙከራ ሥራውን የሚሠራው በሕዋሱ ውስጥ ያለ ነገር መሆኑን፣ ያም ነገር ከሕዋሱ ተለይቶ ወጥቶ በጠርሙስ ሊቀመጥ እንደሚችል አሳየ።

ለእኛ አገር ሰው ይህ ሐሳብ በምሳሌ ቢቀርብ እንግዳ አይሆንም። ጠላ ጠማቂዋ ወይም የአርሲ ነገሌዋ አረቄ አውጪ ገብሱን አብቅላ፣ አድርቃ፣ ፈጭታ ከጥንስሱ ጋር የምትቀላቅለው ያለ ነገር አይደለም። በብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ካልለወጠ እርሾው የሚሠራበት ነገር አይኖረውም። ብቅሉ ከደረቀና ከተፈጨ በኋላ ቡቃያው ሞቷል፤ ኢንዛይሙ ግን ሥራውን ይቀጥላል። ብቅሏን እጅግ ያጋለች ወይም ያሳረረች ሴት ጥንስሷ እንደማይሠራላት የምታውቀውም ኢንዛይሙ በሙቀት ስለሚበላሽ ነው።

የሽቱትጋርት ጋዝ ፋብሪካ

ሮህም ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ዳርምሽታት በሚገኘው የመርክ የመድኃኒትና የኬሚካል ኩባንያ ለጥቂት ጊዜ ሠራ። ከዚያ ወደ ሽቱትጋርት ተዛውሮ በከተማው የጋዝ ፋብሪካ ኬሚስት ሆነ። ፋብሪካው ከድንጋይ ከሰል የመብራትና የማብሰያ ጋዝ የሚያወጣ ሲሆን፣ ጋዙ ሲታጠብ የሚቀረው በአሞኒያ የተሞላ ክፉ ሽታ ያለው ውሃ ነበር። እንደሚተረከው፣ ሮህም በአካባቢው ካለ የቆዳ ማልፊያ የሚመጣው ሽታ የጋዝ ፋብሪካውን ውሃ አስታወሰውና ነገሩን ሊመረምር ተነሣ።

ባገኘው ነገር ሳይደነቅ አልቀረም። በዚያ ዘመን ቆዳ አልፊ ሁሉ የሚከተለው ሥርዓት የታወቀ ነበር። ጥሬው ቆዳ ወይም ሌጦ ታጥቦ ኖራ ውስጥ ይነከርና ፀጉሩ ይለቃል። ኖራው ግን ቆዳውን ያሳብጠዋል፣ ያደርቀዋል። በዚህ ሁኔታ እንዳለ ቢለፋ እንደ ሰሌዳ የደረቀ ቆዳ ይወጣዋል እንጂ ለጓንትና ለጫማ ፊት የሚሆን ለስላሳ ቆዳ አይገኝም። ስለሆነም ከልፋቱ በፊት ቆዳው የውሻ ዓይነ ምድር ወይም የርግብና የዶሮ ኩስ በተበጠበጠበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። በለንደን የውሻ ዓይነ ምድር ከየመንገዱ ለቅሞ ለቆዳ አልፊዎች መሸጥ የድኾች መተዳደሪያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ሥራው ለሠራተኛው ጤና አስጊ፣ ለጎረቤት ሽታው የማይቻል፣ ለባለቤቱም አስተማማኝ ያልሆነ ነበር። የዓይነ ምድሩ ኃይል ከቀን ቀን ስለሚለያይ፣ ትንሽ ጊዜ ካለፈ ቆዳው ይበሳሳል፤ ካነሰም ይደርቃል። መለኪያው የአልፊው ጣትና አፍንጫ ብቻ ነበር።

ነገሩን ለማወቅ የሞከረ የመጀመሪያው ሰው ሮህም አልነበረም። በእንግሊዝ አገር የኖቲንግሃሙ ጆሴፍ ተርኒ ውድ ከእርሱ ቀደም ብሎ የዓይነ ምድሩን አሠራር ለብዙ ዓመታት ያጠና ሲሆን፣ በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ከባክቴሪያ የተዘጋጀ ምትክም ለገበያ ቀርቦ ነበር። ሮህም የለየው ጥያቄውን ባቀረበበት መንገድ ነው። ለቆዳ አልፊዎቹ ልማዳቸው ጸያፍ መሆኑን በመንገር ፈንታ፣ በጸያፉ ነገር ውስጥ የሚሠራው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ።

ኦሮህና ኦሮፖን

የመጀመሪያ መልሱ ስሕተት ነበር። ሽታቸው ስለተመሳሰለ በዓይነ ምድሩ ውስጥ የሚሠራው አሞኒያና መሰል ጨው መሆን አለበት ብሎ ገመተ። በዚህም መሠረት ከጋዝ ፋብሪካው ውሃ አንድ ዝግጅት ሠርቶ ከስሙ ወስዶ ኦሮህ አለው። ዝግጅቱ ተሞከረ፤ ቆዳው ኖራውን ለቀቀ፤ ተስፋም ሰጠ። ነገር ግን ሙከራው እየተደጋገመ ሲሄድ የጎደለው ነገር ታየ። የአሞኒያ ጨው ኖራን ያስወግዳል፤ በቆዳው ጭረቶች መካከል ተጣብቆ የቀረውን ፕሮቲን ግን አይነካም። ስለዚህ በዓይነ ምድር የተሠራው ቆዳ ያለው ልስላሴ በኦሮህ ሊገኝ አልቻለም።

በዚህ ጊዜ የቡክነር ግኝት መንገዱን አበራለት። ውሻው የበላውን ሥጋ የሚፈጨው ከቆሽቱ በሚመነጭ ኢንዛይም ነው። የኢንዛይሙ ቅሪት ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ በቆዳው ላይም የቀረውን ፕሮቲን የሚያሟሟው ይኸው ቅሪት ነው። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ውሻውም ዓይነ ምድሩም አያስፈልጉም ማለት ነው። በየቄራው የሚጣለው የከብትና የአሳማ ቆሽት ይህን ኢንዛይም በብዛት ይዟል። ሮህም ከቆሽት ያወጣውን ኢንዛይም ከአሞኒየም ጨው ጋር አዋሕዶ አዲስ ዝግጅት ሠራና ኦሮፖን ብሎ ሰየመው። የአሞኒየሙ ጨው ኖራውን ሲያስወግድ፣ ኢንዛይሙ ደግሞ ፕሮቲኑን ያሟሟል። የመጀመሪያው መልሱ ግማሽ እውነት ስለ ነበረ በሁለተኛው ውስጥ ቦታውን አገኘ።

መድኃኒት ቤት ያደገው ሰው ጠባይ እዚህ ላይ ይታያል። ኦሮፖን ኃይሉ ታውቆ የተዘጋጀ ዱቄት ስለ ነበረ ቆዳ አልፊው ስንት ኪሎ ቆዳ በስንት ግራም፣ በምን ያህል ሙቀት፣ ለስንት ሰዓት ማለት ቻለ። ቆዳው ውሃው ወደ ሰውነት ሙቀት ተጠግቶ፣ ፒኤቹም ከ8 ጥቂት ከፍ ብሎ ሳለ ይታሻል፤ ሲበቃም ውሃው ተለውጦ ሥራው ይቆማል። ለዘመናት በጣትና በአፍንጫ ሲመራ የኖረ ሙያ በሚዛንና በሰዓት መመራት ጀመረ።

ኩባንያው

ግኝቱን ወደ ገበያ ለማውጣት ሮህም የንግድ ሰው ያስፈልገው ነበር። ያንን ሰው ያገኘው ቀደም ሲል ወደ አሜሪካ ሄዶ በነበረው ወዳጁ በኦቶ ሃስ ነው። ሁለቱ መስከረም 6 ቀን 1907 በኤስሊንገን ከተማ ሮህም እና ሃስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ቡክነርም የኖቤል ሽልማት የተቀበለው በዚያው ዓመት ነበር። በላቦራቶሪ የተገኘው ዕውቀትና በፋብሪካ የሚሸጠው ዱቄት በአንድ ዓመት ውስጥ ጎን ለጎን ቆሙ ማለት ይቻላል።

ንግዱ ፈጥኖ አደገ። ኩባንያው በ1909 ወደ ዳርምሽታት ተዛወረ፤ ሃስም በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ብዙ የቆዳ ፋብሪካ በነበረበት በፊላደልፊያ ከተማ ቅርንጫፍ ከፈተ። ፊላደልፊያ ከፍየል ሌጦ የሚወጣው ለስላሳ ቆዳ ማዕከል ስለ ነበረች ኦሮፖን ወዲያው ተፈላጊነት አገኘ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ግን ሁለቱን ወገኖች ለያያቸው። አሜሪካ በ1917 ወደ ጦርነቱ ስትገባ በአሜሪካው ድርጅት ውስጥ የነበረው የጀርመን ድርሻ በመንግሥት ተወረሰ። ከዚያ በኋላ አንድ ስም የያዙ ሁለት ኩባንያዎች በሁለት አህጉሮች የየራሳቸውን መንገድ ያዙ።

ሮህም በዳርምሽታት ኢንዛይምን ለሌላ ሥራ የማዋል ፍለጋውን አላቆመም። በ1913 የቆሽት ኢንዛይም የያዘ የልብስ ማጠቢያ አስመዝግቦ ቡርኑስ በሚል ስም ለሽያጭ አቀረበ። በ1930ዎቹ ደግሞ ኩባንያው የፍራፍሬ ጭማቂን የሚያጠራ ኢንዛይም ሠራ። ፕሌክሲግላስም በ1933 በንግድ ስምነት ተመዘገበ። ኦቶ ሮህም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ በሦስተኛው ሳምንት፣ መስከረም 17 ቀን 1939፣ በ63 ዓመቱ በርሊን ውስጥ አረፈ።

ተቀባይነት ያጣው ግማሽ

በሮህም ሕይወት ውስጥ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች እምብዛም የማይቆሙበት፣ ለእኛ ግን ከሁሉ የሚጠቅመን ነገር አለ። ሮህም ኦሮፖንን ከሠራ በኋላ በነበሩት ዓመታት ኢንዛይምን ለማለስለስ ብቻ ሳይሆን ፀጉርን ለማስለቀቅም ለመጠቀም ሞከረ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ፀጉር በቆዳው ላይ የሚጸናው ሥሩን በከበበው ለስላሳ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን ኢንዛይም ካሟሟው ፀጉሩ ሙሉ ሆኖ ይወልቃል። ለሙከራው ቆዳው አስቀድሞ በአልካሊ ይነከራል፤ ከዚያም ወደ ቆሽት ኢንዛይም ይገባል።

ማለስለሻው ዓለምን ሲያዳርስ ፀጉር ማስለቀቂያው በጥቂት ፋብሪካዎች ብቻ ቀረ። የቆሽት ኢንዛይም በጠንካራ አልካሊ ውስጥ ስለማይጸና አሠራሩ ብዙ ጥንቃቄ ይፈልግ ነበር። ከዚህም በላይ ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ርካሽና ፈጣን ነበሩ። ሰልፋይዱ ፀጉሩን በጥቂት ሰዓት ውስጥ አሟሙቶ ወደ ድፍድፍ ይለውጠዋል፤ ድፍድፉም ከውሃው ጋር ወደ ቦይ ይፈስሳል። ከቆዳ አልፊው መዝገብ አንጻር ሲታይ ሥራው በዚህ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን ወጪ የሚሸከመው ወንዙ ነበር፤ ወንዙ ደግሞ ሒሳብ አያቀርብም። ኢንዛይሙ በማለስለስ ሥራ ያሸነፈው ለባለቤቱ ትርፍ ስላመጣ ነው፤ ፀጉር በማስለቀቅ ሥራ የተሸነፈውም ጥቅሙ የሚታየው ከፋብሪካው አጥር ውጭ ስለ ነበረ ነው።

ይህ ምርጫ ምን እንዳስከተለ አሁን በሚገባ ይታወቃል። በተለመደው አሠራር 1 ቶን ጥሬ ቆዳ ለማልፋት ከ30 እስከ 40 ሜትር ኩብ ውሃ ይፈስሳል። ከፍሳሹ የኦርጋኒክ ብክለት ብዙውን የሚሸከመው የመጀመሪያው ክፍል፣ ማለትም ማጠቢያው፣ ኖራውና ፀጉር ማስለቀቂያው ነው። የሟሟው ፀጉር ናይትሮጅንና ሰልፈር ይዞ ይወርዳል። የተረፈው ሰልፋይድ የውሃውን ኦክስጅን ይሻማል፤ የፍሳሹ አልካሊነት ሲወርድም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለውን መርዘኛ ጋዝ ይለቃል። ይህ ጋዝ ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ የወረዱ ሠራተኞችን በልዩ ልዩ አገሮች ገድሏል። በቆቃ ሐይቅ ላይ ደጋግሞ የታየው አረንጓዴ ዋቅላሚ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ከእርሻ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተሞች የሚወርደው ቆሻሻም አለበት። ናይትሮጅን የተሸከመው የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ግን ከእነዚህ ምክንያቶች ውጭ ሊሆን አይችልም።

ኢንዛይም በፍሳሹ ላይ

ታዲያ ኢንዛይሙን በፍሳሹ ላይ ብናፈስሰውስ የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። በዚህ ረገድ በዓለም የተሠራው ምርምር ቀላል አይደለም። በ1980 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ከሆርስራዲሽ ሥር የሚገኘው ፐርኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም በውሃ ውስጥ የሟሙትን መርዘኛ ፌኖሎች እርስ በርሳቸው አያይዞ ወደማይሟሟ ዝቃጭ እንደሚለውጣቸው አሳየ። ዝቃጩ ተጣርቶ ሊወጣ ስለሚችል ዘዴው ብዙ ተመራማሪ ሳበ። ላይፔዝ የተባለው ደግሞ የቄራና የወተት ፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ ያለውን ስብ ሰባብሮ ባክቴሪያ በቀላሉ እንዲበላው ያደርጋል።

ይሁን እንጂ ወሰኑን በግልጽ ማስቀመጥ የሙያችን ግዴታ ነው። አንደኛ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ እጅግ ብዙና የቀጠነ በመሆኑ ኢንዛይሙ ከሥራው ጋር አብሮ ይፈስሳል፤ ዋጋውም በየቀኑ እንደ አዲስ ይከፈላል። ሁለተኛ፣ ኢንዛይሙ ራሱ ፕሮቲን ስለ ሆነ ከተረፈ በፍሳሹ ላይ ተጨማሪ ሸክም ይሆናል። ሦስተኛ፣ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ጨው፣ ሰልፋይድና ብረት ስለሚበዛበት ብዙ ኢንዛይሞችን ያዳክማል። አራተኛውና ዋነኛው ክሮምን ይመለከታል። በተለመደው አሠራር ወደ ድራሙ ከሚገባው ክሮም ቆዳው የሚይዘው ከ60 እስከ 70 በመቶ ገደማ ነው፤ ሌላው ይፈስሳል። ክሮም ንጥረ ነገር ነው፤ ማንም ኢንዛይም ሊያፈርሰው አይችልም። መፍትሔው የክሮሙን ውሃ ከሌላው ፍሳሽ ለይቶ ማጠራቀም፣ በአልካሊ አዝቅጦ መያዝ፣ ከዚያም በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ እንደገና ለልፋት መጠቀም ነው። ሰልፋይዱም ቢሆን በማንጋኒዝ ጨው እየታገዘ በአየር ኦክሳይድ ይደረጋል። ኢንዛይም ሁሉን ያጸዳል እያለ የሚሸጥ ነጋዴ ሲመጣ የክሮሙን ነገር መጠየቅ ይበቃል።

ለቀረው ኦርጋኒክ ብክለት ርካሹ የኢንዛይም ምንጭ ሕያው ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ኢንዛይሙን በየጊዜው ራሱ ያመርታል፤ ይራባል፤ የሚበላውንም ያገኛል። በሞጆ አንድ የቆዳ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በሙከራ ደረጃ የተከሉት የባዮሎጂ ማጣሪያ ያተኮረው በዚህ ላይ ነበር። ኦክስጅን የሌለበትንና ያለበትን ገንዳ በማፈራረቅ ናይትሮጅኑን ከፍሳሹ የማስወገድ ሥራ ተጠንቶ ውጤቱ በ2004 በዶክትሬት ጥናት ቀርቧል። ጥናቱ በአገራችን አየርና በአገራችን ፍሳሽ ሥራው እንደሚቻል አሳይቷል።

የስምጥ ሸለቆው ሀብት

ወደ ሮህም ተቀባይነት ያጣ ግማሽ እንመለስ። ያሸነፈው የሶዲየም ሰልፋይድ ርካሽነትና የቆሽት ኢንዛይም በጠንካራ አልካሊ አለመጽናት ነው ብለናል። ሁለተኛው ችግር ከሮህም ሞት በኋላ ተፈትቷል። በ1960ዎቹ ባሲለስ ከተባለ የባክቴሪያ ወገን የተገኘ፣ አልካሊ የሚችል ፕሮቲን ሰባሪ ኢንዛይም በአውሮፓ የልብስ ሳሙና ውስጥ የቆሽቱን ኢንዛይም ተካው። በ1971 ጃፓናዊው ኮኪ ሆሪኮሺ ከፍተኛ አልካሊ ካልሆነ በቀር በሚገባ የማያድግ ባክቴሪያ የሚያመነጨውን ኢንዛይም ለዓለም አስተዋወቀ። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች አልካሊ ወደ ሆኑ ሐይቆች ፊታቸውን አዞሩ።

በዚህ ረገድ የኦሮሚያ ስምጥ ሸለቆ የታደለ ነው። ከአርሲ ነገሌ ወደ ምዕራብ ያሉት የአቢጃታና የሻላ ሐይቆች፣ ከሻላ አጠገብ ያለችው ትንሿ ጪቱ፣ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ያለው የአረንጓዴ ሐይቅም ሶዳ የበዛባቸው ናቸው። በአቢጃታ ፒኤቹ 10 ገደማ ይደርሳል። ለዓሣ የሚከብድ ይህ ውሃ ለባክቴሪያ ግን መኖሪያ ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ ለመኖር የቻለ ባክቴሪያ ወደ ውጭ የሚያመነጨው ኢንዛይም በኖራ ውሃም ውስጥ መጽናቱ የሚጠበቅ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን መንገድ ከተያያዙት ቆይተዋል። በ1997 የታተመ አንድ ጥናት አልካሊ ወዳድ ባሲለስን በኑግ ፋጉሎ ላይ በማሳደግ ፕሮቲን ሰባሪ ኢንዛይም በርካሽ ማምረት እንደሚቻል አሳየ። በ2003 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የዶሮ ላባን ለባክቴሪያው ምግብነት ተጠቀመ። በ2012ም ከጪቱ ሐይቅ በተገኘ ባክቴሪያ ኢንዛይም ላይ የተሠራ ጥናት ወጥቷል። ቄራ በሮህም ዘመን የሰጠውን ቆሽት የዘይት መጭመቂያው ፋጉሎና የዶሮ እርባታው ላባ ሊተኩት ይችላሉ ማለት ነው። ከውጭ የሚገዛው የኢንዛይም ዱቄት በምንዛሪ እንደሚመጣ ለሚያውቅ የፋብሪካ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በኢንዛይም የሚለቅ ፀጉር ሳይሟሟ በወንፊት ተይዞ ይወጣል፤ ለማዳበሪያም ሊውል ይችላል። የሰልፋይዱ መጠን ይቀንሳል፤ ወደ ባዮሎጂ ማጣሪያው የሚገባው ሸክምም በዚያው ልክ ይቀልላል። በእርግጥ ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል። ኢንዛይሙ ከበዛ ወይም ከቆየ የቆዳውን ፊት ይጎዳዋል፤ ኮላጅንን የሚነካ ከሆነም ቆዳው ይላላል። የአገራችን የበግና የፍየል ሌጦ በዓለም ገበያ የሚፈለገው በፊቱ ጥራት ስለ ሆነ፣ ይህን መጠን በላቦራቶሪ ጠርሙስ ሳይሆን በፋብሪካ ድራም ውስጥ፣ በአገሩ ሌጦ ላይ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለሙያ ባልደረቦች

ከሮህም ሕይወት ለእኛ የሚተርፉ ጉዳዮች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የአሠራር ነው። ሮህም የለፊዎችን ልማድ አልናቀም፤ በውስጡ የሚሠራውን ነገር ለይቶ አወጣ እንጂ። ባላገሩ ቆዳ አልፊ በእምቧይ ፍሬና በቀንጠፋ ቅርፊት ሲሠራ ኖሯል። በእነዚህ ዕፀዋት ውስጥ ቆዳው ላይ የሚሠራው ምን እንደ ሆነ በሚገባ መመርመር የማኅበራችን አባላት አቅም የሚችለው ሥራ ነው።

ሁለተኛው የሒሳብ ነው። ኢንዛይሙ በ1910ሮቹ የተሸነፈው ወንዙ ዋጋ ስላልነበረው ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ዓ.ም. ለወንዙ ዋጋ የሚሰጥ ሕግ ነው፤ ሆኖም ሕጉ በተግባር ሊመነዘር የሚችለው የፍሳሹ ልክ በየጊዜው በታመነ ሰው ሲለካ ነው። ልኬቱ የኬሚስቱና የመሐንዲሱ ሥራ ነው። የፋብሪካው ኃላፊ የሰልፋይዱን ዋጋ ከኢንዛይሙ ዋጋ ጋር ሲያመዛዝን የማጣሪያውን የመብራት ወጪ፣ የዝቃጩን ማስወገጃና የክሱን ሥጋት ጨምሮ እንዲያሰላ ቁጥሩን አዘጋጅቶ ማቅረብ ከእኛ ይጠበቃል።

ሦስተኛው የጥበቃ ነው። የአቢጃታ ሐይቅ ከቀደመው ስፋቱ እጅግ ቀንሷል። ወደ ሐይቁ የሚገባው ወንዝ ለመስኖ ሲሳብ፣ ከሐይቁም ውሃ ለሶዳ ማምረቻ ሲወሰድ የታየው ለውጥ ነው። ስለ ሐይቁ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ወፎቹ ናቸው። በውሃው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን ገና በሙሉ አልተለዩም። ለሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች የሚበጀው ኢንዛይም ከዚያ ሊገኝ የሚችል ከሆነ፣ ሐይቁን መጠበቅ የአዳማን ውሃ የመጠበቅ ሥራ አካል ሆኖ መታየት ይኖርበታል።

ኦቶ ሮህም ኦሮህ ሲከሽፍበት ሥራውን አልተወም፤ ለምን እንደ ከሸፈ ጠይቆ በዓመት ጊዜ ውስጥ ኦሮፖንን አገኘ። ፀጉር ማስለቀቂያው ሲከሽፍ ግን ጥያቄው ከእርሱ ዘመን አልፎ ለተከታዮቹ ቀረ። ለመልሱ የሚያስፈልገው ዕውቀት አሁን አለ፤ ባክቴሪያው በሐይቆቻችን፣ ፋጉሎው በየመጭመቂያው፣ ሌጦውም በሞጆ ይገኛል። የቀረው እነዚህን በአንድ ፋብሪካ ድራም ውስጥ አገናኝቶ፣ ውጤቱን ለክቶ፣ ለባልደረቦች በዚህ መጽሔት ማቅረብ ነው።